የኢንስፔክሽን ደረጃ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ ወይስ አይለጠፍ?

መነሻ፦ ጎንደር ላይ ርዕሳነ መምህራን ስለ ኢንስፔክሽን (ትምህርት ቤቶችን እየመዘኑ ደረጃ ስለ መስጠት) እና ስለ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ጉባኤ ተቀምጠው ነበር። አዳራሹን ያጋለው አንድ ሐሳብ ነው፤ የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ደረጃ ወላጅ እንዲያየው በር ላይ ይለጠፍ። ደረጃው ከ1 እስከ 4 ነው። ከ50 በመቶ በታች ያመጣ 1፣ ከ90 ጀምሮ ያለው 4። እስቲ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

የአዘዞው ርዕሰ መምህር፦ አይለጠፍ። ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ ስንቱ ወላጅ ያውቃል? ግብዓት (መጽሐፍ፣ መምህር) 25፣ ሂደት (መማር ማስተማሩ) 35፣ ውጤት (ተማሪው የሚያመጣው) 40 በመቶ ይይዛል። መጽሐፍ የማሳትመው እኔ አይደለሁም። መምህር የምቀጥረውም እኔ አይደለሁም። ስድቡ ግን ወደኔ ነው።

የማራኪዋ (የማራኪ ክፍለ ከተማ ነዋሪዋ) እናት፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሚያስቡት ለስምዎ፣ እኔ ለልጄ። ስምንተኛ ክፍል ናት። ጠቅላላ ሳይንስን የምታነበው በፒዲኤፍ ነው፣ በኔው ስልክ። እኔ ከሥራ እስክገባ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ትምህርት ቤቷ ስንት እንዳገኘ ባውቅ ምን ነውር አለው?

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር፦ ነውር የለውም። ግን ቁጥሩ ራሱ ይታመናል ወይ? በ2006 ዓ.ም. ማዕቀፉ ሲወጣ 26 ስታንዳርዶች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ጥሩ ናቸው። ችግሩ ኢንስፔክተር ይመጣል ሲባል ነው። የግቢው ድንጋይ ኖራ ይቀባል። ክበባት በአንድ ሌሊት ይቋቋማሉ። የአንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ የዓመቱን ቃለ ጉባኤ አገላብጫለሁ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ያው እስክሪብቶ፣ ያው የእጅ ጽሑፍ። በጥር ስብሰባ «ተገኝተው» የፈረሙት መምህር በኅዳር ተዛውረው ነበር!

ጠመኔ፦ ኧረ ሱፐርቫይዘራችን፣ ያንን መዝገብ ሳናየው አወቅነው 😂

የሰባተኛ ክፍል መምህርት፦ ሳቁን እንተወውና፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ነገሩ ባሰ። ክወናና ዕይታ ጥበባትን እኛ ጋ የሚይዙት የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ክፍለ ጊዜ ስለጎደላቸው። ጎበዝ ሰው ናቸው፣ ክራር ግን ነክተው አያውቁም። ኢንስፔክተሩ የዕለት ዕቅዳቸውን አየ፣ ሞልቷል። ነጥብ ሰጠ፣ ሄደ። ልጆቹ የክራርን ክሮች ከደብተር ላይ ሸመደዱ።

ጠመኔ፦ የፈተናውንም ነገር አትርሱ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ተፈታኝ ብቻ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2። ያን ጊዜም እኮ የየትምህርት ቤቱ ፋይል ሙሉ ነበር።

የአዘዞው ርዕሰ መምህር፦ ፋይሉን ተዉት፣ በሱ አልከራከርም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በግጭቱ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጁ ከተማ ዘመድ ጋ ይመጣና «መዝግቡኝ» ይላል። ልመልሰው? አልመለስኩም። ዓመት ሙሉ ደብተር ያልያዘ ልጅ ነው። ክፍሉ ተጨናነቀ፣ ውጤታችን ወረደ። አልመዘግብም ብሎ በር የዘጋው ጎረቤት ትምህርት ቤት ከኔ የተሻለ ደረጃ ይለጥፋል ማለት ነው።

የማራኪዋ እናት፦ ይሄንንስ ማን ነገረን? እሱንም ይለጥፉት!

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር፦ እኔ ወደዚህ ነው የማደላው። አንዷን ድምር ብቻ መለጠፍ ሰው ማሳሳት ነው። ግብዓት፣ ሂደት፣ ውጤት ለየብቻ ይውጡ። ግብዓቱ ዝቅ ካለ ጥያቄው ወደ መንግሥት ይሂድ። መጽሐፍና መምህር እያለ ሂደቱ ዝቅ ካለ ግን ጋሼ፣ ያኔ የእርስዎ ነው፣ አያመልጡም።

የአዘዞው ርዕሰ መምህር፦ ለየብቻ ከሆነ እስማማለሁ። ግን ግብዓቱ ሥር ስንት መጽሐፍ ጠይቄ ስንት እንደደረሰኝ ይጻፍልኝ። በዓመቱ ስንት አዲስ ልጅ እንደተቀበልኩም።

ጠመኔ፦ የክፍለ ከተማው ስልክም ከሥሩ ይጨመር 😄

የሰባተኛ ክፍል መምህርት፦ ቀልድ አይደለም፣ ይጨመር። ደግሞ ኢንስፔክተሩ ቀን ቆርጦ አይምጣ። ኖራው ሳይቀባ ይድረስብን።

የአዘዞው ርዕሰ መምህር፦ በዚህስ አልስማማም። ድንገት የመጣ ቀን ሦስት መምህር ለቅሶ ሄዶ ቢያገኝስ?

የማራኪዋ እናት፦ ሦስት መምህር አንዴ ለቅሶ ከሄደ እሱንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ብቻ ወረቀቱ ከምዝገባ በፊት ይለጠፍ። ልጄን ካስመዘገብኩ በኋላ ምን ያደርግልኛል?