ጸሎቱም ወሬውም አንድ ስልክ ላይ ሆኖብኛል፤ እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

የማርቆስ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ቢሮ ነው የምውለው። ጠዋት ለጸሎት እነሳለሁ፤ እሱ ላይ ችግር የለብኝም። ችግሩ ውዳሴ ማርያሙም ዳዊቱም ያለው ስልኬ ላይ መሆኑ ነው። የሰኞውን ከፍቼ ገና ስጀምር ከላይ የቴሌግራም መልእክት ብቅ ይላል፣ የመሥሪያ ቤታችን ግሩፕ ነው፣ ሌሊትም ሰው የማይተኛበት፤ እስቲ ምን አሉ ብዬ ገባ ካልኩ ከዚያ ቲክቶክ ነው፣ ከዚያ ሰዓት ረፈደ፣ ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ወደ ሥራ ሩጫ። ማታ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ስብከት ከፍቼ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። ባለቤቴ "ቆይ አንተ የምታወራው ከእግዜር ጋር ነው ከስልክህ ጋር?" ብላኛለች። ስልኩን ጣል እንዳትሉኝ ብቻ፣ እንጀራዬ ነው።

የቆሎ ተማሪ የነበረ
ወንድሜ፣ የወረቀት ዳዊት ግዛ። ስልክ ላይ ያለ ጸሎት ገበያ መሐል የቆመ ጸሎት ነው።
አንድ ነገር ልጨምር። ዋሸራ ቅኔ ቤት ሳለን ለቅኔ ቆጠራ፣ ማለት ቅኔያችንን አስበን ልናዘጋጅ፣ ስንወጣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ዛፍ ይዘን፣ ደበሎ ተከናንበን እንቀመጥ ነበር። ሰው ያን ሲሰማ "አይ የዱሮ ጸጥታ" ይላል። የምን ጸጥታ! ሆድ ይጮኻል፣ ቁንጫው ይበላል፣ የመንደሩ ውሻ ገና አኩፋዳችንን፣ የለመንነውን የምንይዝበትን ከረጢት፣ ሲያይ ይነሳል። ሐሳባችንን የሚሰበስበው ማታ የኔታ ፊት ቀርበን ቅኔያችንን መንገር ስላለብን ነው። ባዶ እጅህን አትቀርብማ! አንተም እንደዚያ የሚጠበቅብህ ነገር ይኑርህ። ዳዊት 150ው መዝሙር በዐሥር በዐሥሩ ተከፍሎ 15 ንጉሥ ነው። በቀን አንድ ንጉሥ ከከበደህ ሁለት መዝሙር ያዝ፣ ግን ሳታደርስ ስልኩን አትንካ።

ባለ ባጃጁ
ባሕር ዳር ነኝ። ኧረ ስልኩ ላይ ብቻ አትፍረዱ ጎበዝ። 2016 ላይ ዳታ ተዘግቶ ስንት ወር ከረምን? ያኔ ሁላችንም ባሕታዊ መሆን ነበረብን እኮ። ምን አደረግን? ፊልም በፍላሽ ስንቀባበል ነበር። መሸሽ የፈለገ ሰው መሸሻ አያጣም።
እኔ የቤንዚን ሰልፍ ላይ ነው የምጸልየው። ሰልፉ አያልቅም፣ እኔም አልቸኩል።

የልጆች እናት ከፍኖተ ሰላም
እናንተ ወንዶቹ ዛፍ ሥርም ሰልፍም አላችሁ። እኔ ቤት አንዱ ሲተኛ አንዷ ትነሳለች። ስለዚህ ጸሎቴ ምጣድ ላይ ነው። አክንባሎውን ከድኜ አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ስጨርስ እንጀራው ደርሷል። አውጥቼ ሰፌዱ ላይ፣ ሌላ አሰፋለሁ፣ እንደገና። እጄ ሊጥ ስለሆነ ስልክ ቢጮህ አላነሳው። አንዳንዱ "ይሄ ጸሎት አይባልም፣ ቆሞ ነው" ይለኛል፤ ይበል፣ መጥቶ ይጋግርልኝ።
ግን ይበቃኛል አልልም። ለፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ልጆቹን ለአማቴ ትቼ ቅዳሴ እሄዳለሁ፣ ስልኩን ቤት ትቼ። የመጀመሪያው ሰሞን እጄ ነጠላዬ ውስጥ ስልክ ሲፈልግ ይውላል፣ ያስቃል።
ወንድምዓለም፣ ሚስትህን ቀስቅሳትና አብራችሁ ቁሙ። እሷ አጠገብህ ቆማ እስቲ አንተ ቲክቶክ ስትከፍት አያለሁ!

ቻግኒ
እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ከፈቀዳችሁልኝ። እኛ የጽሞና ጊዜ የምንለው ነው። ማርቆስ 1፥35 ላይ ጌታ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ምድረ በዳ ሄዶ ሲጸልይ ብዙ ሰው ይጠቅሳል፤ ወረድ ብሎ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ስምዖንና አብረውት የነበሩት ፈልገው አገኙትና "ሁሉ ይፈልጉሃል" አሉት። ግሩፑ ያኔም ነበር ማለት ነው። እሱ ግን ተመልሶ ልሂድላቸው አላለም፣ ወደ ሌላ መንደር እንሂድ አለ። መልእክቱን ለላኩልህ ሁሉ ወዲያው መልስ የመስጠት ግዴታ ያለብህ አይመስለኝም።

የማርቆስ ልጅ
ተባረኩ። እትዬ፣ ምክርዎን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ ስትስቅ ነው ያመሸችው፤ ነገ አብረን ልንቆም ተስማምተናል። ግሩፑን ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። የኔታ (እንግዲህ ብዬዎታለሁ)፣ ዳዊት የቱን ልግዛ?

የቆሎ ተማሪ የነበረ
ኧረ የኔታ አትበለኝ፣ የኔታ ቢሰሙ ይስቁብኛል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካሉት ንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች አታጣም። ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን ያለውን ጠይቅ። ኪስ የሚገባውን ትንሹን ተወው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ መብራት የጠፋ ለት በሻማ ዓይንህን ያጠፋዋል። ከመክፈልህ በፊት ገለጥ ገለጥ አድርገህ እይ፣ አንዳንዱ ገጽ ይጎድለዋል።