«ውሉን ያላነበበ ገዢ አያማርር» ለተባለው

ሰነድ ጠባቂ፦
ትናንት ነገረ ፈጅ «ውሉን ያላነበበ ገዢ አያማርር» የሚል አንድ መስመር ጥለው ሄደዋል። ይህች መስመር በዝምታ የምትታለፍ ስላልመሰለኝ ክርክሩን እዚህ ከፍቼዋለሁ። ወሬው የነበረው ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ለፕሌይስቴሽን ደንበኞቹ ስላስተላለፈው ማስታወቂያ ነው። ደንበኞቹ ከፍለው በመዝገባቸው ያስቀመጧቸው የዲስከቨሪ ፕሮግራሞች ከባለመብቱ ጋር ባለው የፈቃድ ስምምነት ምክንያት እንደሚሰረዙ ተነገራቸው፤ ጩኸቱ ከበረታ በኋላ አዲስ ስምምነት ተደረሰና መሰረዙ ቀረ። እንግዲህ ዕቃውን ሊያስወስድበት የነበረው ደንበኛው ያላነበበው ውል ሳይሆን ሊያነበው የማይችለው ውል ነው። ሁለት ኩባንያዎች በር ዘግተው የፈረሙት ስምምነት መቼ እንደሚያበቃ ገዢው በምን ይወቅ? ነገረ ፈጅ፣ እንዲያነብ የሚያዙት የትኛውን ውል ነው?

ነገረ ፈጅ፦
ደንበኛው ራሱ «እስማማለሁ» ብሎ የተጫነውን ውል ነዋ! የተሰጠው የመመልከት ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት እንዳልሆነ፣ ፈቃዱም ሊቋረጥ እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። ሻጩ በእጁ የሌለውን መብት ለሌላ ሊያስተላልፍ አይችልም። የፊልም መብት በአገርና በዘመን ተከፋፍሎ የሚሸጠው ባለመብቱ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ፊልሙ የሚሠራበት ገንዘብ የሚገኘው በዚያ መንገድ ስለሆነ ነው። ያነበበ ሰው ማስታወቂያው ሲደርሰው አይደነግጥም፤ እኔ ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

የሌሊት አንባቢ፦
«አይደነግጥም» ማለትና «አልተበደለም» ማለት ለየቅል ናቸው፤ ነገረ ፈጅ ግን አንዱን በሌላው ቦታ እየተኩ ይሄዳሉ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2009 ሁሉን ስለሚሰልል አምባገነን መንግሥት የተጻፈውን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከደንበኞች ኪንድል፣ ማለትም ከኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያቸው ላይ፣ በርቀት የሰረዘ ጊዜ ምጸቱን ሁሉም ሰው ተናግሮታልና አልደግመውም። እኔን የሚያናድደኝ እጁ እዚያ ድረስ መግባት መቻሉ ነው። የታተመ መጽሐፍ ቢሆን፣ ሻጩ መብት ያልነበረው ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ባለመብቱ ሻጩን ይከሳል እንጂ አንባቢው ተኝቶ ሳለ ከመደርደሪያው ላይ አያነሣበትም። ዲጂታል ሲሆን ግን ኩባንያው ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ፍርድ አስፈጻሚም ይሆናል። ይህን ሥልጣን የሰጠው የትኛው የቅጂ መብት ሕግ ነው?

ነገረ ፈጅ፦
በጠቀሱት ጉዳይ ቅጂውን ለሽያጭ ያቀረበው ወገን መብቱ አልነበረውም፤ ለገዢዎቹም ገንዘባቸው ተመልሷል፤ የኩባንያው ኃላፊም ይቅርታ ጠይቀዋል። ገንዘቡ የተመለሰለት ሰው የቀረበት ነገር ምንድን ነው?

የሌሊት አንባቢ፦
መጽሐፉ ነዋ።

ባለ ዜማው፦
ሁላችሁም ስለ ገዢ ትነታረካላችሁ፤ ሥራውን የሠራው ሰው ግን ከክርክሩ ወጥቶ ቀርቷል። ሰዎች ዘፈን በነጻ የሚለዋወጡበት ናፕስተር ከተከፈተበት ከ1999 ጀምሮ የተቀዳ ሙዚቃ የዓለም ገቢ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ቁልቁል ሲወርድ፣ በነጻ ማውረዱን «መብታችን ነው» ሲሉ የነበሩት እንደዛሬው ሰነድ ጠባቂ ዓይነት አንደበተ ርቱዕ ሰዎች ነበሩ። የራሴን ዜማ በማላውቀው ሰው ስም ተጭኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ኩባንያዎቹን አልወዳቸውም፤ ነገር ግን «ባለመብት» የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ፊቱን የሚያጨፈግግ ሰው እኔንም እየሰደበኝ መሆኑን ይወቅልኝ።

ሰነድ ጠባቂ፦
ወንድሜ ባለ ዜማው፣ በነጻ ማውረድን የደገፍኩበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ያሳዩኝ። የእኔ አቤቱታ ከፍሎ ስለተቀጣው ሰው ነው። የሙዚቃ ኩባንያው ሶኒ ቢኤምጂ በ2005 በሕጋዊ ሲዲዎቹ ውስጥ ቅጂ ለመከልከል ብሎ ራሱን የሚሰውር ፕሮግራም ጨምሮ ነበር፤ ፕሮግራሙ የኮምፒውተሮችን ደኅንነት የሚያጋልጥ ሆኖ ሲገኝ ሲዲዎቹ ከገበያ ተሰበሰቡ። ኮምፒውተሩ የተጎዳው ማን ነበር? ሲዲውን በገንዘቡ የገዛው እንጂ ዘፈኑን ከኢንተርኔት የሰረቀው አይደለም፤ ለሌባው የደረሰው ንጹሕ ቅጂ ነው። የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች ከ2003 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ግለሰቦችን ከሰሱ፤ ከነዚያም በአንዲት ሴት ላይ ስለ 24 ዘፈኖች በ2009 ዳኞች 1.92 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱባት፤ ቅጣቱ ከዓመታት ክርክር በኋላ ወደ 222 ሺህ ዶላር ወረደ። ይህ ሁሉ ግርግር ለእርስዎ ምን አመጣልዎት? ዘፋኙ የሚታወሰው ክስ ሲመሠረት ነው፤ ገንዘብ ሲከፋፈል ግን ውሉን እንዲያነብ ይነገረዋል። አዎን፣ «ያላነበበ አያማርር» የምትለዋ መስመር ለእርስዎም ትሠራለች።

ባለ ዜማው፦
ይህ የመጨረሻው ቢያመኝም ትክክል ነው፤ የተነገረበት ቃና ግን አስጠልቶኛል።

ቆጥሮ አዳሪ፦
ቁጥር ሳይቀርብ ስሜት በዛ። ዩቲዩብ ስለ 2021 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ባወጣው ዘገባ መሠረት ኮንቴንት አይዲ በተባለው የመለያ ሥርዓቱ በኩል ከ722 ሚሊዮን በላይ የባለመብትነት ጥያቄ ቀርቧል፤ ተቃውሞ የተነሣው በ3.7 ሚሊዮን ያህሉ ላይ ሲሆን፣ ከተቃውሞዎቹም 60 በመቶው ለጫኚው፣ ማለትም ቪዲዮውን ላወጣው ሰው፣ ተፈርዷል።

ነገረ ፈጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቆጥሮ አዳሪ። እንግዲህ ከሁለት መቶ ጥያቄዎች አንዱ ብቻ ተቃውሞ የሚነሣበት ሥርዓት ግፈኛ ከተባለ ሌላ ምን ዓይነት ሥርዓት ሊያስደስታችሁ እንደሚችል አላውቅም።

ቆጥሮ አዳሪ፦
ቁጥሩን ያቀረብኩት ለዚህ አልነበረም። ተቃውሞውን በመጀመሪያ የሚመለከተው ጥያቄውን ያቀረበው ራሱ ነው፤ መልስ ለመስጠትም 30 ቀን አለው። እሱ እምቢ ካለና ጫኚው ከገፋበት ነገሩ ወደ መደበኛ የማውረጃ ጥያቄ ሊያድግ ይችላል፤ ያን ጊዜ በጫኚው ላይ ማስጠንቀቂያ ይመዘገባል፤ ሦስት ማስጠንቀቂያ የተቆጠረበት ሰው ደግሞ ገጹን ሙሉ በሙሉ ሊያጣ ይችላል። የዓመታት ሥራውን በአንድ ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ የሚያስይዝ ሰው ስንት ነው? ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠሩት። ደፍረው ከተሟገቱት መካከል አብዛኞቹ ማሸነፋቸውን ግን በአንድ ቃል እንኳ አላነሡትም። ለአሥር ሰዓት የሚቆይ የነጭ ጫጫታ ድምፅ (ዜማም ቃልም የሌለው ወጥ ሹክሹክታ) ራሱ ፈጥሮ የጫነ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2018 አምስት የባለመብትነት ጥያቄ እንደቀረበበት ተዘግቧል። ማሽኑ ጫጫታን ከጫጫታ ሲያመሳስል ባለመብት የተባሉት አምስት ወገኖች ምን ሠርተው ነው ባለመብት የሆኑት?

ነገረ ፈጅ፦
ከሰባት መቶ ሚሊዮን ውስጥ አንድ አስቂኝ ምሳሌ ማንም ያገኛል።

ባለ ዜማው፦
ይልቅ የሚያበሳጨው ሌላ ነው። ያ ማሽን ለእኔ ዓይነቱ በቀጥታ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ብዙ ሥራ በእጃቸው ላከማቹ ባለመብቶች ነው፤ ትንሹ ሙዚቀኛ በአከፋፋይ በኩል ገብቶ ከገቢው ማካፈል አለበት። ስለዚህ የእኔ ዜማ ሲሰረቅ ቅጹን ስሞላ እውላለሁ፤ ኩባንያው በስሕተት የእኔን ዜማ «የእኔ ነው» ሲል ደግሞ ማሽኑ ወዲያው ያምነዋል።

የሌሊት አንባቢ፦
በሐሰት የጠየቀስ ምን ይደርስበታል? በአሜሪካ የ1998ቱ የዲጂታል ሚሊኒየም የቅጂ መብት ሕግ እያወቀ ሐሰተኛ ጥያቄ ያቀረበ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ ይሆናል ይላል። ነገር ግን የ29 ሰከንድ የሕፃን ጭፈራ ቪዲዮዋ ከኋላው በሚሰማ ዘፈን ምክንያት በ2007 የወረደባት አንዲት እናት የሙዚቃ ኩባንያውን ዩኒቨርሳልን ከስሳ ስትሟገት ኖረች። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2015 ኩባንያው ጥያቄ ከማቅረቡ በፊት ፍትሐዊ አጠቃቀም (ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሕጉ ራሱ የሚፈቅደው) መሆን አለመሆኑን ማሰብ ነበረበት ካለ በኋላ፣ ኩባንያው በቅን ልቡና ተሳስቶ ከሆነ ግን አይጠየቅም ሲል አከለበት። የኩባንያው ስሕተት በቅን ልቡና ይታለፋል፤ ያላነበበው ደንበኛ ግን «አያማርር» ይባላል። ነገረ ፈጅ፣ ቅን ልቡና ለደንበኛው የማይቆጠረው በምን ምክንያት ነው?

ነገረ ፈጅ፦
ውል የሚፈርም ሰውና ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ይህን የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቃል።

ሰነድ ጠባቂ፦
ደጃፉን ላልረገጥነው ይብራራልን እንጂ! እስከዚያው ሌላ ልጨምር። ያው የ1998 ሕግ ሥራው ላይ የተገጠመውን ዲጂታል ቁልፍ መስበር ይከለክላል፤ ሰባሪው ለራሱ መጠባበቂያ የሚያስቀር ገዢ ቢሆንም እንኳ። ልዩ ፈቃድ የሚታየው በየሦስት ዓመቱ ነው። ይህ ማለት ደንበኛው ውሉን አንብቦ፣ ፈቃዱ እንደሚቋረጥ ተረድቶ፣ አስቀድሞ ቅጂ ላስቀር ቢል ሕግ ጣሰ ይባላል። አንብቦ ምን ያድርግ?

ነገረ ፈጅ፦
አንብቦ አይግዛ።

ሰነድ ጠባቂ፦
በዲስክ ያልወጣ፣ በዚያ አንድ መደብር ብቻ የሚገኝ ሥራ ከሆነስ? በ1710 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ መብቱን ለ14 ዓመት ሰጥቶ፣ ደራሲው በሕይወት ካለ ሌላ 14 ይጨምርለት ነበር። አሜሪካ በ1998 ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት፣ ለኩባንያ ሥራ ደግሞ ከታተመ 95 ዓመት አደረገችው። ኩባንያው ሥራውን ለሰባት ዓመት አሳይቶ ቢያነሣው፣ እኔ ቅጂ እንዳላስቀር ለ88 ዓመት ይጠበቃል። ሰነድ የሚያስቀምጥ ሁሉ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው።

ባለ ዜማው፦
የዘመኑን ርዝመት ለብቻው አንሡት፤ እሱ ላይ ለልጆቼ የሚቀረውን የምሟገትበት አለኝ፤ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት።

ቆጥሮ አዳሪ፦
አንድ ነገር ሁላችሁም ዘለላችሁ። ካሊፎርኒያ በ2024 ባጸደቀችውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት፣ ሻጭ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን ለደንበኛው በግልጽ ሳያሳውቅ ዲጂታል ዕቃን «ግዙ» ብሎ ማቅረብ ተከልክሏል። ደንበኛው አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው የሚይዘውን ግን ሕጉ አይነካውም።

ነገረ ፈጅ፦
ይኸው! ሕጉ ፈቃድ መሸጥን አልከለከለም። ደንበኛው የሚገዛውን ይወቅ አለ፤ እኔም ከትናንት ጀምሮ የምለው ይህንኑ ነው።

የሌሊት አንባቢ፦
ውሉ ውስጥ መጻፉ ይበቃ ከነበረ ሕግ አውጪዎቹ ምን ሊሠሩ ተሰበሰቡ? ሻጩ ላይ ግዴታ የጣለን ሕግ ደንበኛውን ለመውቀሻ ሲያነቡት ማየት በእውነቱ ያስደንቃል።

ነገረ ፈጅ፦
የተናገርኩትን ባልተናገርኩት አትተኩብኝ። የሕጉን ሙሉ ቃል አንብበው ይመለሱ።

ሰነድ ጠባቂ፦
አሁንም አንብቡ ነው? የመጀመሪያው ጥያቄዬ አልተመለሰም፦ ሶኒና ዲስከቨሪ የተፈራረሙትን ውል ደንበኛው ከየት አግኝቶ ያንብብ?