ለ10 ቀን ከቤት መውጣት ባንችል ምን ይኑረን? ከኮምቦልቻ የቀረበ ጥያቄ

የሁለት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ7 እና የ3 ዓመት ልጆቻችን፣ አማቴም አሉ፤ አምስት ነን። አማቴ ስኳር ስላለባቸው በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋሉ።

ባለፈው ሳምንት መንገድ ተዘግቶ ለሁለት ቀን ከቤት ሳንወጣ ቆየን። በሁለተኛው ቀን ማታ ጓዳውን ስከፍት ያገኘሁት አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሽሮና የልጆቹ ብስኩት ነበር። ሁለት ቀን ብቻ ነው የቆየነው! አሥር ቀን ቢሆን ኖሮ እያልኩ ሌሊቱን አልተኛሁም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ እኔ አዲስ አበባ ስለነበርኩ እናንተ እዚህ አካባቢ የነበራችሁ ያሳለፋችሁትን አላየሁም። ስለዚህ የምጠይቀው ያን ጊዜ ቤታችሁ ውስጥ የቆያችሁትን ነው። የምንተዳደረው በወር ደመወዝ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት አንችልም። ከምን ልጀምር?

ከሆጤ (ደሴ)፦

እህቴ፣ እንኳን በሰላም አለፈላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት 20 ገደማ እስከ ኅዳር 27 ድረስ እኔ፣ እማዬ፣ ሁለት ወንድሞቼና ያን ጊዜ የ5 ዓመት ልጅ የነበረው የእህቴ ልጅ ሆጤ ከቤታችን አልወጣንም። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ዝግጅት ሲባል ሻማና ባትሪ ነው ትዝ የሚለው። እኔ ግን ከዱቄት ጀምሪ እልሻለሁ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ቤታችን ውስጥ ኩንታል ለመሙላት ጥቂት የቀረው ስንዴ ነበር። እማዬ ማዳበሪያውን በእጇ መታ መታ እያደረገች «አብሽሩ፣ አንራብም» ትለን ነበር። በስድስተኛው ቀን ዱቄቱ አለቀ። የሰፈራችን ወፍጮ የሚሠራው በመብራት ነው። በናፍጣ የሚሠራው ደግሞ ናፍጣ አልቆበት ቆሟል። ስንዴ በማዳበሪያ ሙሉ አለ፤ የሚጋገር ግን የለም። ንፍሮ ቀቀልን። ንፍሮ እስኪበስል የሚፈጀውን ከሰል ሳይ ደግሞ ከሰሉ ከስንዴው ቀድሞ እንደሚያልቅ ገባኝ።

ያን ጊዜ እማዬ የአያቴን ወፍጮ አስታወሰች። አያቴ ካረፉ ወዲህ የእንስራ ማስቀመጫ ሆኖ ጓዳ ጥግ የኖረ ድንጋይ ነው። እንስራውን አነሳን፤ መጁም (በእጅ የሚገፋው የላይኛው ድንጋይ) ከአልጋ ስር ተገኘ። እማዬ አጥባ አደረቀችውና ተንበርክካ ጀመረች። እኔ ተቀብያት ስፈጭ ለአንድ ቂጣ የሚሆን ዱቄት ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ በማግስቱ መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሐጂ ጎረቤታችን የመጁን ድምፅ ሰምተው ልጃቸውን በሰፌድ ገብስ አስይዘው ላኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ድንጋይ የአራት ቤት ወፍጮ ሆነ። እነሱ ከሰል ሲሰጡን እኛ ወፍጮውን እንሰጣለን። በየተራ እየፈጨን አምስቱን ሳምንት ወጣነው።

ስለዚህ እህል ብቻ አታከማቺ። በየወሩ ደመወዝ ሲገባ ከወትሮው 3 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኪሎ ሽሮና 1 ኪሎ በሶ ጨምሪ። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ከሰልም መብራትም አይፈልግም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቁይ፤ እንጀራ ሲተርፍሽ ድርቆሽ አድርጊው። ጤፍ ቢኖርሽ እንኳ ሊጥ ለማቡካት የሚፈልገውን ቀንና ለመጋገር የሚፈጀውን ማገዶ አስቢ፤ በክፉ ቀን ቂጣ ይሻላል። ዱቄት እንደ እህል ብዙ አይቆይምና አዲስ የገዛሽውን ከኋላ አድርገሽ የቆየውን ቀድመሽ ተጠቀሚ።

ውሃ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዢ። ለአምስት ሰው ለ10 ቀን 200 ሊትር ይመጣል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 10 ማለት ነው። ለመታጠቢያ ሌላ ነው።

አሁን ደግሞ ሳስታውሰው እስከ ዛሬ እጄን የሚያንቀጠቅጠኝን ልንገርሽ። ተኩስ የበረታ ምሽት ሁላችንም የኋለኛዋ ክፍል ገባን። ብርድ ነበር፤ የደሴን የኅዳር ሌሊት ታውቂዋለሽ። ቂጣ የጋገርንበትን የከሰል ምድጃ ፍሙ እንዳለ ወደ ውስጥ አስገባሁት። በሩን ዘጋን፤ በመስኮቱ ጋቢ ሰቀልን። ትንሽ ቆይቶ ልጁ «ራሴን አመመኝ» አለ። የራበው መስሎኝ ቆሎ ሰጠሁት፤ አልበላም። ታላቅ ወንድሜ ቁጭ እንዳለ እያንቀላፋ ነበር። እኔም ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። እማዬ «ከሰሉ ነው!» ብላ ጮኸችና በሩን በርግዳ ምድጃውን በእግሯ ገፍታ አስወጣችው። ልጁን ደፍ ላይ አስተኝቼ ጉንጩን እየነካካሁ ስሙን ስጠራው የቆየሁበት ጊዜ ከአምስቱ ሳምንት ይረዝምብኛል። ተኩስ ቢኖርም፣ ብርድ ቢሆንም፣ ፍም ያለበት ምድጃ የምትተኙበት ክፍል አይግባ። ጭሱ ስለጠፋ አደጋው የጠፋ አይምሰልሽ፤ የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ ጨምሪ፤ አንድ ላይ ተኙ።

ክፍሉን አሁኑኑ ምረጪ። ከመንገድ የራቀ፣ መስኮት የሌለው ወይም ትንሽ መስኮት ያለው፣ በውጭና በእናንተ መካከል ሁለት ግድግዳ ያለበት ይሁን። የጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጥይት አይመልሱምና ተኩስ ሲሰማ ከወለል ጋር ተኙ። ልጆቹን በጨዋታ አስመስለሽ አለማምጃቸው። እኛ ለእህቴ ልጅ «የድመት እንቅልፍ» ብለነው ነበር፤ ቃሉን ሲሰማ ሮጦ ይተኛ ነበር።

ሽንት ቤታችሁ ግቢው ጫፍ ላይ ከሆነ ክዳን ያለው ባልዲና አንድ ጣሳ አመድ ይኑራችሁ፤ በተጠቀማችሁ ቁጥር አመድ መነስነስ ነው። ባንክ ሲዘጋ በእጅ ያለው ብቻ ነው የሚሠራው፤ ዝርዝር ብር በጥቂት በጥቂቱ አስቀምጪ። ትንሽ ሬዲዮ ካለሽ የባትሪውን ድንጋይ አውጥተሽ ለብቻው አስቀምጪ፤ ውስጡ ከቆየ ፈሶ ያበላሸዋል።

ስለ አማትሽ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ቢመልስልሽ ይሻላል።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ (ወልድያ)፦

ስለ ኢንሱሊኑ እኔ ልመልስ። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ግን ከ30 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ ወደ 4 ሳምንት ይቆያል። መብራት ቢጠፋ እንዲህ ያድርጉ፦ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ያስቀምጡ፤ በመካከላቸው አሸዋ ሞልተው አሸዋውን በውሃ ያርሱት፤ መድኃኒቱን ትንሹ ማሰሮ ውስጥ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ይክደኑ። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን፤ አሸዋው ሳይደርቅ ጠዋት ማታ ውሃ ይጨምሩ። እንደ ማቀዝቀዣ አይሆንም፤ ግን ከቤቱ ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። ኢንሱሊን በረዶ ከያዘው ግን ቢቀልጥም አይወጋም።

አማትዎ ምግብ ቀንሰው የወትሮውን መጠን ከተወጉ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ካዩ፣ መዋጥ ከቻሉ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጧቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አያድርጉ። «ምግብ ሲያንስ መጠኑን እንዴት ላድርግ?» የሚለውን ሐኪማቸውን አሁን በሰላሙ ጊዜ ጠይቀው በወረቀት ያስጽፉ። የሚቀጥለውን ወር መድኃኒትም አንዱ ሳያልቅ ይውሰዱ፤ ሲሪንጁን አይርሱ።

ውሃን በተመለከተ፦ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 2 ጠብታ ይበቃል። ለ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን ባልተጠቀሙበት ሲሪንጅ ያለ መርፌ መለካት ይቻላል። 30 ደቂቃ ቆይቶ ይጠጣል። የደፈረሰ ከሆነ በነጠላ አጥልለው የበረኪናውን መጠን እጥፍ ያድርጉ። የሚያፈሉ ከሆነ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ደሴ፣ ውሃው ቀድሞ ስለሚንተከተክ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ኮምቦልቻ 1 ደቂቃ ይበቃል።

ልጆቹ ተቅማጥ ቢይዛቸውና በውሃ የሚበጠበጠው ሕይወት አድን ዱቄት (ኦ.አር.ኤስ.) ባይገኝ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ይስጧቸው፤ ማንኪያው ሳይቆለል ተስተካክሎ ይለካ። ጨው አይብዛ።

የሁለት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁለታችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። የከሰሉን ነገር ለአማቴ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ምንም ሳይናገሩ ተነስተው ከበሩ አጠገብ የነበረውን ምድጃ ወደ ውጭ አወጡት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። 10 ጀሪካን የት ላስቀምጥ? ሁለት ክፍል ነው ያለን፤ አከራያችንም ግቢው ውስጥ ዕቃ አይወዱም።

ከሆጤ (ደሴ)፦

ከአልጋ ስር ይግባ። የሁለት ሰው አልጋ ከሆነና ከፍታ ካለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጎኑ ተጋድሞ ይገባል፤ ክዳኑ የማያፈስ መሆኑን ውሃ ሞልተሽ፣ ጋደም አድርገሽ ሌሊቱን ከታች ጨርቅ አንጥፈሽ ሞክሪው። አራቱን እንዲህ አድርጊ። የቀረውን ከግቢው ተከራዮች ጋር ተነጋገሪ፤ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ቢይዝ አከራዩም የሚሉት አይኖርም። ቡና ስታፈዪ ጥሪያቸውና ነገሩን አንሺላቸው። ወፍጮ ድንጋይ ያለው ቤት ካለም ያን ጊዜ ጠይቂ።