የኤችአይቪ ወረቀት ካለ "በቂ ነው"?

የጥር ሙሽራ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ የተናገረው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። "ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ወረቀት ካለ በቂ ነው፤ እጮኛን ቂጥኝና ሄፓታይተስ የሚባለውን የጉበት በሽታ ተመርመሪ ማለት መስደብ ነው" አለ። ሠርጋችን ደርሷል። ቤተክርስቲያናችን የጠየቀን የኤችአይቪውን ብቻ ነው። እኔ ግን ሌላውንም አብረን እንመርመር ብያታለሁ። ታዲያ ሰደብኳት?

ወለተ ማርያም፦ ሰውዬው ምን አጠፋ? ወንድሜ፣ በክብር የኖረች ልጅ እንዲህ ስትባል ይከፋታል። የኤችአይቪው ሁሉም የሚያደርገው ስለሆነ ማንም አይቀየምም። ከዚያ ያለፈው ግን ጥርጣሬ ነው። በጥርጣሬ የተጀመረ ትዳር ደግሞ የት ይደርሳል?

የጤና ጣቢያ ነርስ፦ እህት ወለተ ማርያም፣ ለማን ነው "በቂ" የሚሆነው? የምሠራው ነፍሰ ጡር ክትትል ክፍል ነው። እናቶች ለኤችአይቪም ለቂጥኝም ይመረመራሉ። ቂጥኝ ሲገኝባት "ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም" ብላ የምታለቅስ አለች። እውነቷን ነው። የቂጥኝ ቁስል አያምም፣ ሳይታከም ይደርቃል። ሰውዬው ዳንኩ ብሎ ይረሳዋል፣ በሽታው ግን ደሙ ውስጥ አለ። ፅንስ ይገድላል። መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው፤ ገና ከሆነ አንድ ጊዜ ይወጋል፣ የቆየ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት። ባልሽን ይዘሽ ነይ እንላታለን። አይመጣም። እሷ ታክማ እዚያው ቤት ትገባለች፣ እንደገና ትያዛለች። ይሄ ነው በቂ?

የፒያሳ ልጅ፦ እንደዚህ ከሆነማ መንግሥት ለምን ግዴታ አያደርገውም? በፈቃዱ የሚሄድ ሰው የለም። ያልተመረመረ አይጋባ፣ አለቀ።

ከሪያድ፦ እዚህ ሳውዲ ለሚጋቡ ግዴታ ነው። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ በዘር የሚተላለፉ የደም በሽታዎችም አሉበት። ስለዚህ ሄፓታይተስ መመርመር ስድብ ነው የሚለው ሰውዬ እዚህ መጥቶ ይንገራቸው። ግን የፒያሳ ልጅ፣ ግዴታን አታሞግሰው። ለእኛ ለሠራተኞቹ ምርመራው ሌላ ነው። ኤችአይቪ የተገኘበት ሰው ወደ አገሩ ነው የሚመለሰው።

መድኃኒቴን የማልረሳ፦ ግዴታ የሚለውን ስሰማ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። መጀመሪያ ላገባ ስል የኤችአይቪ ውጤቴ የተሰጠው ለእኔ አይደለም፣ የጋብቻውን ጉዳይ ለያዙት ሰዎች ነው። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ሰማ። ሠርጉ ፈረሰ። ዛሬ መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ቫይረሱ ደሜ ውስጥ በጣም ስላነሰ በመጠን ምርመራ አይታይም። ካልታየ ደግሞ በወሲብ አይተላለፍም። ባሌ ነፃ ነው፣ ልጆቼም ነፃ ናቸው። ያኔ ግን ይህን የነገረኝ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሰውን አስገድዶ መመርመርን አይደግፍም። ተመርመሩ በሉ፣ አብሬያችሁ እላለሁ። ወረቀቱ ግን የተመርማሪው ነው፣ የሽማግሌ አይደለም።

ወለተ ማርያም፦ የደረሰብሽ ያሳዝናል እህቴ። እኔ ግን አስገድዱ አላልኩም። ቤተክርስቲያን ላይም ጣት አትቀስሩ። ጠበልና መድኃኒት አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው ያስተማሩት የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ናቸው። ያ ወረቀት ባይጠየቅ ኖሮ ስንቱ ወንድ ይመረመር ነበር?

የፒያሳ ልጅ፦ ጠበል ማን አነሳ?

ወለተ ማርያም፦ እናንተ ዘንድ ነገሩ ሁሉ ዞሮ እዚያ ነው የሚያልቀው፣ አውቀዋለሁ።

የጤና ጣቢያ ነርስ፦ ወረቀቱ ብዙ ሰው እንዳስመረመረ እኔም እመሰክራለሁ። የተጣላሁት "በቂ ነው" ከሚለው ጋር ነው። የጣት ደም ምርመራ ትናንት የተያዘን ሰው አያሳይም፤ እስከ ሦስት ወር ሊዘገይ ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያ የሚባሉት የአባላዘር በሽታዎች ደግሞ ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት የላቸውም። ዝም ብለው የማህፀን ቱቦ ሊዘጉ ይችላሉ። ከዓመታት በኋላ "መካን ናት" ተብላ የምትፈታው እሷ ናት። ያመጣባት ሰው ሌላ ያገባል። እኔ ስድብ የምለው ይሄንን ነው።

ከሪያድ፦ ሄፓታይተስ ቢስ? ክትባት አለው ይላሉ።

የጤና ጣቢያ ነርስ፦ አለው። በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የሚያገቡት አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። በሽታው በወሲብም በደምም ይተላለፋል፣ ጉበት ይጎዳል። አንዱ ካለበት ሌላው ተመርምሮ ይከተባል፤ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው። እስኪጨርስ ኮንዶም አለ። ሠርግ የሚያፈርስ ነገር የለውም።

የጥር ሙሽራ፦ እጮኛዬ ቅዳሜ እንሂድ ብላለች። እናቷ ግን ሰምተው "ልጄን ምን ብትገምታት ነው?" ብለው አኩርፈዋል።

ወለተ ማርያም፦ ይኸው! ስድብ ነው ስላችሁ አልሰማ አላችሁ። ሂድና እናትየውን ይቅርታ ጠይቅ።

መድኃኒቴን የማልረሳ፦ ይቅርታ ለምኑ? ልጅቷ እኮ እሺ ብላለች። የሚተኙት እነሱ፣ የሚወልዱት እነሱ።

ወለተ ማርያም፦ እናት እናት ናት። አንቺም ሴት ልጅ ስትድሪ ታይዋለሽ።

የጤና ጣቢያ ነርስ፦ ሙሽራው፣ ቅዳሜ ስትሄዱ ሁለታችሁም ግቡ። እሷን አስገብተህ ውጭ እንዳትጠብቅ።