የፎር ዊል ንጽጽር ቀን፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ሰብሳቢ፦ ሰላም አባላት። ለጉባኤ የሚቀርበው ረቂቅ «መኪናዎችን በስማቸው እናወዳድር» ይላል። እስኪ አስተያየት ስጡበት።

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ በስም ከሄድን ገና ከመነሻው ተበላሸ። ኦዲን እንይ። የፎር ዊሉ መጠሪያ የሆነው ኳትሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ወጣ። ያው ስም ቢያንስ ሁለት የማይገናኙ አሠራሮች ላይ ተለጥፏል። አንዱ ቶርሰን ነው፤ ጥርሳ ጥርስ ያለው የመሃል ዲፈረንሻል፣ ማለትም የፊትና የኋላ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ እየፈቀደ ኃይል የሚያካፍል ክፍል። ኃይሉ ለፊትም ለኋላም ሁልጊዜ ይደርሳል። እስከ እ.ኤ.አ. 2023 በተመረተው የኦዲ ቲቲ ላይ ያለው ግን ሃልዴክስ ነው፤ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ፍሪሲዮን። የኋላው ጎማ በደንብ የሚገፋው ሲፈለግ ብቻ ነው። ስለዚህ በአሠራር እንመድብ።

ባለ ፒካፕ አባል፦ የእኔስ? ፎር ዊሉ በእጅ የሚገባው፣ የመሃል ዲፈረንሻል የሌለው። ጭቃ ላይ አይታማም። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ግን ያዝ ያዝ ያደርገዋል፤ ኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ርቀት አይሄዱማ። ከአስፋልቱ ፈተና አውጡኝ።

ጸሐፊ፦ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሄደው የቶዮታ ሃይብሪድ ራቭፎርስ? ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚወስድ ዘንግ እኮ የለውም።

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ የኋላውን የሚያዞረው የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ለብቻው ይመደብ።

ፈተናውን በተመለከተ፣ ሮለር ይኑረን፤ ጎማ ሲቆምበት በነፃ የሚሽከረከር ሲሊንደር። አንድ ጎማ ብቻ መሬት ይያዝ፣ ሌሎቹ ይንሸራተቱ። ቶርሰን የሚያባዛው ያለውን መያዝ ነው። አንዱ ወገን ምንም ካልያዘ ዜሮ ቢባዛም ዜሮ ነው፤ ፍሬኑ ጣልቃ ገብቶ የሚሽከረከረውን ካልያዘው መኪናው አይንቀሳቀስም። ብዙ ሰው ይሄን አያምንም፣ ቆሞ ይየው! ደግሞ ዳገቱ ይደጋገም። ፍሪሲዮን ያለው በመጀመሪያው ሙከራ ጎበዝ ነው። ሲሞቅ ግን ራሱን ለማዳን ኃይሉን ሊለቅ ይችላል።

አዲስ አባል፦ ጎማውስ? አንዱ አዲስ፣ ሌላው የተላጨ ጎማ ይዞ ከመጣ የምናወዳድረው ጎማን ነው።

ጸሐፊ፦ ልክ ነህ ወንድሜ። የማቆም ፈተናም ይጨመር። ፎር ዊል ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም፤ በረዶ ላይ ይሄን የረሳ ገደል ይገባል።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ረቂቁ ተስተካክሏል፦ ምድቡ በአሠራር፣ ጎማው አንድ ዓይነት፣ ፈተናው ሮለር፣ ተደጋጋሚ ዳገትና ማቆም። ፒካፑ አስፋልት ላይ አይገባም። ሮለሩን ከየት እንደምናገኝ ኮሚቴው ከጉባኤው በፊት ያሳውቀን።