ኒውሮኢንዶክራይን ቲዩመር (ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳ ዕጢ) ለተገኘባችሁ፣ ጅማ ሆናችሁ ከየት እንደምትጀምሩ

አባቴን አላመመውም መድሃኒቱን እናቆየው ወይ ብለህ ለጠየቅከው፣ ወንድሜ ሐኪሙ ራሱ በክትትል እንየው ካላለህ በስተቀር እባክህ አታቆየው። እማዬን አንድ ክሊኒክ አሜባ ነው ጨጓራ ነው እያለ ዓመት ሙሉ ሲያመላልሰን ፊቷ በድንገት እየነደደ ይቀላ ነበር፣ ተቅማጡም አልቆመም፣ በመጨረሻ ሲታይ ጉበቷ ጋ ደርሷል።

መጀመሪያ ባዮፕሲው፣ ማለትም ከዕጢው ተቆርጦ የሚወሰደው ናሙና ምርመራ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር አሰሩና ውጤቱ ላይ ኬአይ 67 የሚል ቁጥር (የዕጢው ሴሎች ምን ያህል እየተባዙ እንደሆነ የሚያሳይ) መኖሩን እዩ፣ ከ3 በመቶ በታች ግሬድ 1 ነው፣ ማለትም ቀስ ብሎ የሚያድገው፣ ከ3 እስከ 20 ግሬድ 2። ከሌለ ብሎኩን (በሰም ውስጥ የተቀመጠውን ናሙና) ተቀብላችሁ አዲስ አበባ አሰሩት፣ ሕክምናው የሚወሰነው በሱ ነው።

ክሮሞግራኒን ኤ የሚባለውን፣ ዕጢው የሚለቀውን ነገር የሚለካ የደም ምርመራ ካዘዙላችሁ፣ ታማሚው ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻ) የሚወስድ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ቁጥሩን በውሸት ከፍ ያደርገዋል። የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቅሞ የሚሠራው ምርመራ ከሆነ ደግሞ ከ3 ቀን በፊት ጀምሮ ሙዝ፣ አናናስና አቮካዶ አይብላ፣ አቮካዶ እኛ ጋ በየጓሮው ስላለ ማንም አያስበውም።

መድሃኒቱ መርፌ ነው፣ ኦክትሪዮታይድና ላንሪዮታይድ አሉ፣ የሁለቱም ለረጅም ጊዜ የሚሠራው ዓይነት በ28 ቀን አንዴ ነው። ያቀልጠዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ባለበት ነው የሚይዘው፣ በ2014 የወጣው የላንሪዮታይድ ጥናት ላይ ከ2 ዓመት በኋላ በሽታው ያልጨመረባቸው መርፌውን ከወሰዱት 65 በመቶ ሲሆኑ ካልወሰዱት ግን 33 ብቻ ናቸው። እኛ ያገኘነው ኦክትሪዮታይድ ነው፣ ይሠራል፣ ግን ዱቄት ስለሆነ የለመደ ነርስ ይፈልጋል፣ ተበጥብጦ ወተት ሲመስል ወዲያው መቀመጫ ላይ ካልተወጋ ይረጋል፣ አንዴ እማዬ ላይ መርፌው ተደፍኖ ግማሹ መድሃኒት ውስጡ ቀረ። ላንሪዮታይድ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፣ ካገኛችሁና አቅም ከፈቀደ እሱን እመርጣለሁ።

አዲስ አበባ ከሆነ የምትገዙት መጀመሪያ ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን ጠይቁ፣ ከዛ እስከ ጅማ 350 ኪሎሜትር አለ፣ መድሃኒቱ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። ያለ አይስ ቦክስ እንዳትሞክሩት፣ በረዶውም ካርቶኑን እንዳይነካ በፎጣ ጠቅልሉት፣ መድሃኒቱ አንዴ በረዶ ከሆነ አይወጋም።

የአባትህ ኬአይ 67 ስንት ይላል? ጻፍልኝ፣ አይስ ቦክሱንም መጥተህ ውሰድ፣ የእማዬ የመርፌ ቀን ገና 2 ሳምንት ይቀረዋል።