የኮሮላ ዲኤክስ የጌጅ ሰሌዳ አልወጣ ስላለኝ እርዳታ እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፤

ደብረ ብርሃን ላይ የምነዳት ኮሮላ ዲኤክስ የዳሽቦርድ መስታወቷ ከውስጥ በኩል አቧራ ስለያዘ፣ በተለይ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ የሙቀት መለኪያውን ቀስት ማየት አልችልም። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚያወጣው ረጅም ዳገት ላይ ሞተሩ መጋሉን የሚነግረኝ ይኸው ቀስት በመሆኑ፣ ነገሩን እንደ ውበት ጉዳይ ብቻ ልተወው አልቻልኩም።

የጌጅ ሰሌዳውን፣ ማለትም መለኪያዎቹ ያሉበትን ክፍል፣ አውጥቼ ለማጽዳት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቼ ዙሪያውን የሸፈነውን ፕላስቲክ አንስቻለሁ፤ ሰሌዳውን የያዙት ብሎኖችም ወጥተዋል። ይሁን እንጂ ሰሌዳው ጥቂት ወደ ፊት ከመጣ በኋላ አልንቀሳቀስ አለ። በባትሪ መብራት ሳየው የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድ ከኋላ ተወጥሮ ይዞታል፤ በመካከሉ ግን እጄ አይገባም። ገመዱን አስቀድሞ ከካምቢዮው በኩል መፍታት ይሻላል ወይስ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ መግፋት ይበቃል? ከሰሌዳው ጀርባ ያለው፣ የመዳብ መስመር የታተመበት ስስ ፕላስቲክ እንዳይቀደድ ስለምሰጋ በጉልበት መጎተት አልፈልግም።

ስለ ጽዳቱም ምክራችሁን እሻለሁ። መስታወት የምንለው ፕላስቲክ ስለሆነ ቤንዚን ሳላስነካ ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ላጥበው አስቤያለሁ። ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ገጽና ቀስቶቹን ግን ንባባቸው ሳይዛባ በምን ላራግፋቸው? የቀለም ብሩሽ ይበቃል? ይህንኑ ሞዴል በእጁ የፈታ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢጽፍልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።